የጎረቤቴ ውሻና የእኔ ጾመኛ

ሰው በጎረቤቱ መኪና ይቀናል፤ በሹመቱ፣ በልጆቹ ውጤት፣ ሲብስም በሚስቱ ይቀናል። እኔ የቀናሁት በጎረቤቴ ውሻ ነው። ይህን ስጽፍ አላፍርም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ግን በዚያ ዓመት ካሳፈሩኝ ነገሮች ይህ ትንሹ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ዘንዘልማ ላይ ቤት የሠራነው ዙሪያው ገና ማሳ ሳለ ነው። በአንድ በኩል ገበሬ በበሬ ያርሳል፤ በሌላው በኩል ያላለቀ ቤት ብረቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቆሟል። ባጃጅ እስከ ግቢያችን የሚገባው በበጋ ብቻ ነው። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሥራ አስተምራለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን የማታ ተማሪዎች አሉኝ። ባለቤቴ መሥሪያ ቤቷ ውላ፣ ስድስት ዓመት የሆናትን ልጃችንን ከትምህርት ቤት ይዛ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ትገባለች። በእነዚያ ሦስት ምሽቶች እኔ እስክመጣ ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው።

አንድ ምሽት ባለቤቴ ውስጥ ልጅቷን ስታጥብ፣ አንድ ሰው የአጥሩን ቆርቆሮ ገንጥሎ ገባና ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ለቃቅሞ ሄደ። እኔ ስደርስ መብራቱን አጥፍታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ልጅቷን አቅፋ አልጋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ልብሱ አይደለም ያስፈራኝ» አለችኝ። «የልጄን ቀሚስ ከገመዱ ሲያወርድ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነበርሁ። ሳሙናው እጄ ላይ እንዳለ የእግሩን ኮቴ ሰማሁት።»

ከዚያ በኋላ እኔ በሌለሁበት ምሽት መብራት ማብራት ተወች። በጨለማ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ሳምንት እንደ ሆነ ቁርጡን ነገረችኝ፤ «ወይ ውሻ እንያዝ፣ ወይ ከተማ ወደ ኪራይ ቤታችን እንመለስ። እንዲህ እየፈራሁ አልኖርም።» እያንዳንዷን ሶኬት በእጄ የገጠምሁበት ቤት ነው። ጥሎ መሄድ አልታየኝም። ውሻ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ቃሉን ገባሁ እንጂ ውሻውን አላመጣሁም። ዛሬ ነገ ስል ከጎናችን ያለው ቤት አለቀና ጎረቤት ገባበት፤ በአንድ ፋብሪካ የሚሠራ መሐንዲስ፣ ከነሚስቱ፣ ከነውሻው። ውሻው ጀርመን ሸፐርድ ነው። ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቡላ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ።

ከመጡ ሳምንትም አልሞላ፣ ከማታ ክፍል ስመለስ ከሩቅ የቤቴን መብራት አየሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። እናትና ልጅ እየተሳሳቁ እራት ይበላሉ።

«ዛሬ አልፈራሽም?» አልኋት።

«የጋሼ ውሻ አለ እኮ! ድመት እንኳ በአጥሩ ብታልፍ ይናገራል። እሱ እያለ ምን እሰጋለሁ?»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አላለኝም። ሚስቴ ያጣችውን ሰላም የመለሰላት እኔ ሳልሆን የሌላ ሰው ውሻ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አልሁ፣ ጫማዬን እያወለቅሁ።

«ወርቅ መች አልሁ፤ ውሻ ነው ያልሁት» አለችና ልጅቷን አጎረሰቻት።

ጎረቤቴ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን «እሱ» ነበር፣ አንዳንዴም «ያ ሰውዬ»። ክፋት የለበትም፤ ይህም ራሱ ያናድደኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ውሻውን ያለ ገመድ ይዞት ይወጣል። «ቁጭ» ሲለው ይቀመጣል፤ ባጃጁ እስኪያልፍ ንቅንቅ አይልም። ልጄ በአጥሩ ቀዳዳ ታይና «አባዬ፣ እየው፣ እየው!» ትላለች። አየሁት። በቀን ሦስት ጊዜ አየሁት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት «ቤታችን» የሚል ሥዕል ይዛ መጣች። ቤቱ አለ፣ እናቷ አለች፣ እሷ አለች፣ በር ላይ ጆሮው የቆመ ውሻ አለ። እኔ የት ነኝ ብዬ ብጠይቃት «አንተ ማታ ታስተምራለህ» አለችኝ።

እንግዲህ ውሻ መምረጥ የጀመርሁት በዚህ ሆድ ነው። በሻይ ሰዓት የመምህራን ክበብ ውስጥ ስልኬን እያዞርሁ የውሻ ፎቶ አሳያለሁ። አንዱ መምህር ዶበርማን አለ። ሌላው፣ ፀጉሩ አጭር ነው፣ ብርድ ይፈራል ብሎ ጣለው። ሦስተኛው የሀበሻ ውሻን የሚያህል የለም፤ በሽታ አይደፍረው፣ ምግብ አይመርጥ ብሎ ተሟገተ። ባለቤቴ የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅቷን የማይነካ፣ እሷ ስትጠራው የሚሰማ። እኔ ግን መለኪያዬ አንድ ነበር፤ ጭንቅላቱ ከጎረቤቴ ውሻ ጭንቅላት የሚበልጥ።

አማቴም መክረውኝ ነበር። ከጣና ገዳማት በአንዱ የሚያገለግሉ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሊጠይቁን ሲመጡ በጀልባ ተሻግረው፣ ከዚያ በባጃጅ ነው። «ልጄ፣ ይፋግ ያለው ወንድሜ የሩዝ ማሳውን የምትጠብቅለት ውሻ ወልዳለች» አሉኝ። «አንዱን ላስመጣልህ። እናቱን አውቃታለሁ፤ የቤቱን ሰው ከእንግዳ ትለያለች።» የይፋጉን ውሻ፣ ጅራቱን ጠቅልሎ፣ ከዚያ ጀርመን ሸፐርድ ጎን ቆሞ አሰብሁት። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ሆኖ ሲስቅም አሰብሁት። «የኔታ፣ አይድከሙ» አልሁ።

ጎረቤቴ ራሱ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ አናገረኝ። «ዝርያው ብዙም አያሳስብህ። ዋናው ማን አብሮት ይውላል፣ ማን ያበላዋል ነው። ከፈለግህ በማሠልጠኑ አግዝሃለሁ።» «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናስብበታለን» አልሁት። በሆዴ ግን፣ ከሱ የሚበልጥ እንዳልይዝ ፈርቶ ነው አልሁ። የቀና ሰው ምክር ቢነግሩት ከበስተጀርባው ሌላ ነገር ሲፈልግ ምክሩ ያመልጠዋል።

ሮትዋይለር ገዛሁ። ስምንት ወሩ ነበር። ጥቁር ነው፤ ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ቡላ ነጠብጣብ አለው፤ ጭንቅላቱም እንደ ተመኘሁት ነው። ሳመጣው ባጃጁን ሆን ብዬ በጎረቤቴ በር በኩል አዞርሁት። ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ አየችንና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች፤ እየሳቀች ነው ግን። ልጅቷ ልትነካው እጇን ስትዘረጋ ከለከልኋት።

በአገራችን ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን የሚደረገውን ሁሉም ሰው ያውቃል። ቀን ጨለማ ቤት ይዘጋል፤ ሰው እንዲለምድ አይደረግም፤ የሚያበላው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔም ከጓሮ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ሠርቼ መቀርቀሪያና ሰንሰለት አበጀሁለትና «ከእኔ በቀር ማንም አይፈታውም፣ ማንም አያበላውም» ብዬ አወጅሁ።

«አንተ በሌለህበት ምሽትስ?» አለች ባለቤቴ።

«እስክመጣ ተዘግቶ ይቆያል።»

«ታዲያ ለማን ነው የተገዛው? እኔ የምፈራው አንተ የሌለህ ቀን አይደል?»

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። የእኔ መልስ ግን «ውሻ ሁለት ጌታ አያውቅም» ሆነ። እውነቱ ሌላ ነው። ያ ውሻ የእኔ ብቻ እንዲሆን፣ ሲጮህ በሰማች ቁጥር እኔን እንድታስብ ፈልጌ ነው። ሁለተኛም ትእዛዝ ጨመርሁ፤ ስለ ውሻ ነገር ከጎረቤት ምንም እንዳይጠየቅ፣ ምንም እንዳይወሰድ። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ልጅቷ ብቅ ብላ አየችንና ተመልሳ ክፍሏ ገባች። ባለቤቴ «እሺ» አለች። እኔም እሺታዋን ወስጄ ተኛሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ። ባለቤቴ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገች ናት። ባሕር ዳር ተቀምጦ በጾም ዓሣ የሚበላ ብዙ ሰው አለ፤ በእኛ ቤት ግን ሥጋና ወተት ቀርቶ ዓሣም በደጃችን አያልፍም። አማቴ በጾሙ መግቢያ ሊጠይቁን ሲመጡ እኔ ሃይማኖተኛ አማች ሆኜ መታየት አማረኝ። «የኔታ፣ በዚህ ግቢ ውሻውም ይጾማል» አልኋቸው።

«ጾም የታዘዘው ለሰው ነው። ውሻ ምን በድሎ ይጾማል?» አሉ።

የሽማግሌ ቀልድ መሰለኝና ሳቅሁ። ባለቤቴ አልሳቀችም።

እንዲህ ሆኖ ሮትዋይለሩ ሽሮ በእንጀራ ተፈትፍቶ ይቀርብለት ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት አፍንጫውን አዞረ። በሁለተኛው የጎን አጥንቱ ይቆጠር ጀመር። ማታ ስፈታው ግቢውን መዞሩን ይተውና አጥሩ ሥር ተኝቶ ከማዶ ያዳምጣል። ጎረቤቶቼ ሃይማኖታቸው ሌላ ስለሆነ በእኛ ጾም አይጾሙም፤ ጀርመን ሸፐርዱ አጥንት ሲቆረጥም ይሰማል። እኔም ከውሻዬ ጎን ቆሜ አዳምጥ ነበር። ውሻዬ የራበው አጥንት ነው። እኔን የራበኝ ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላውቅም።

በአራተኛው ሳምንት ተአምር የሚመስል ነገር ሆነ፤ ውሻው ወፈረ። ፀጉሩ ያብለጨልጭ ጀመር። በሽሮ! ክበቡ ውስጥ አፌን ሞልቼ አወራሁ። «ዝርያ ማለት ይህ ነው፤ ሽሮ በልቶ አንበሳ የሚሆን!» የሀበሻ ውሻ ጠበቃ የነበረው መምህር ሻዩን እያማሰለ «ለሰሚው ግራ ነው» አለ። እሱም ቀንቶ ነው ብዬ አለፍሁት።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቴን ሚኒባስ ውስጥ አገኘሁት። «ውሻህ አምሮበታል» አለኝ።

«ቀን ተዘግቶ የሚውል ውሻ፣ የት አዩት?»

ትንሽ ደንገጥ አለ። «በአጥሩ... አንዳንዴ ብቅ ሲል» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። የሆነ ነገር እንደ ደበቀኝ ገባኝ።

በማግሥቱ ጠዋት የውሻው ሳሕን ላይ ሽሮው እንዳለ አድሮ አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ ሰንሰለቱን ሳስተካክል አፉ ሸተተኝ። ዓሣ። እኔ የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ፤ ዓሣ ብቻ ሳይሆን የትኛው ዓሣ እንደ ሆነም አልሳሳትም። አምባዛ ነው።

በሠፈራችን በሁዳዴ አምባዛ የሚገባበት ቤት አንድ ነው፤ የጎረቤቴ። ሰውዬው ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ከሚገፈፍበት ከሐይቁ ዳር ጥቁር ላስቲክ አንጠልጥሎ ሲመለስ አየዋለሁ። እዚያ የዓሣውን ራስ ለትላልቆቹ ነጫጭ ወፎች ነው የሚጥሉት፤ እሱ ግን ለእኔ ውሻ ያመጣዋል! በአጥሩ ላይ እየወረወረ፣ እያባበለ፣ ወደራሱ እያስለመደብኝ! ውሻ በበላበት ይጮኻል። መጀመሪያ የሚስቴን እምነት የሱ ውሻ ወሰደ፤ ቀጥሎ የልጄን ሥዕል ወሰደ፤ አሁን ደግሞ የእኔው ውሻ የሱ ሊሆን ነው። ለእኔ ምን ሊቀርልኝ?

ያን ሰሞን ዓይኔ የማያየው ነገር አልነበረም። ያየሁትን ሁሉ የማሸክመው ግን አንድ ሰው ላይ ነው። ባለቤቴ ማታ እጇን በሎሚ ስታሽ አይቻታለሁ። «ምነው?» ስላት «ሽንኩርት ከትፌ ነው» አለችኝ። አመንኋት። ጎረቤቴን ብቻ ነበር የማላምነው።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ የማታ ክፍል ባለኝ ቀን፣ ኮሌጁ ውስጥ መብራት ጠፋ። የኤሌክትሪክ መምህር መብራት ሲጠፋ ሥራ ፈት ነው። ተማሪዎቼን አሰናብቼ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘንዘልማ ደረስሁ።

ከመታጠፊያው ገና እንዳለፍሁ አየሁት። ውሻዬ ከጎረቤቴ በር ውጭ፣ ያለ ሰንሰለት፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ቁጭ ብሏል። ልክ እንደዚያኛው፣ ቀጥ ብሎ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የሳሕን ኳኳታ ይሰማል።

ሮጥሁ። ምን ምን እንዳልሁ ሁሉንም አላስታውስም፤ ማሳው ውስጥ የነበረው ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ሲያየኝ ግን ትዝ ይለኛል። «ማነው ውሻዬን የሚያበላ! ውጣ! ማነው!» እያልሁ ደርሼ በሩን በእርግጫ መታሁት።

የወጣችው ባለቤቴ ናት። በእጇ የተቀቀለ የዓሣ ራስ የሞላበት ሳሕን ይዛለች። ልጄ ከኋላዋ ቀሚሷን ጨብጣለች።

ሳሕኑን ልነጥቃት ይሁን ሌላ ነገር ላደርግ ዛሬም አላውቅም፤ እጄን ሰነዘርሁ። ውሻው መካከላችን ገባ። አልጮኸም። ጭንቅላቱን ዝቅ፣ ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ ጥርሱን አሳየኝ። ከደረቱ የሚወጣው ጉርምርምታ እግሬ ድረስ ተሰማኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስል አንድ እርምጃ ተከተለኝ። ልጄ እጇን ጀርባው ላይ አሳርፋለች። የተመኘሁት ውሻ ይኸው ነበር፤ ሚስቴንና ልጄን እንዲህ አድርጎ እንዲጠብቅልኝ ነበር የገዛሁት።

«ቁጭ» አለች ባለቤቴ፣ በቀስታ።

ቁጭ አለ። ዓይኑን ግን ከእኔ አላነሣም።

ጎረቤቴ ከውስጥ ብቅ አሉ። እኔን አዩ፣ ውሻውን አዩ፣ የራሳቸውን ውሻ በአንገቱ ይዘው ተመለሱ። ይህን እንኳ በክፉ ልተረጉምባቸው አልቻልሁም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋት።

«ጎኑ መቆጠር ከጀመረ። አባቴ ያሉትን አንተም ሰምተሃል። በእኛ ድስት አልሠራሁም፤ የጋሼ ባለቤት ናቸው የሚቀቅሉልኝ። እንዴት እንደሚታዘዝ ጋሼ አሳዩኝ። አሁን አንተ በሌለህበት ምሽት ፈትቼው በሩን ከፍቼ ነው የምቀመጠው። ስትመጣ መልሼ እዘጋዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ሳሕኑን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ልነግርህ ስንት ቀን አስቤያለሁ። ፈራሁህ።»

«እኔን?»

«አንተን። ሌባው የመጣው አንድ ቀን ነው። አንተ ግን የእነሱ ነገር በተነሣ ቁጥር ፊትህ ሲለወጥ ልጅህ እንኳ ክፍሏ ትገባለች። አላየሃትም?»

አይቻታለሁ። እንደ ሎሚው ሁሉ አይቼ አልፌያት ነበር። ገበሬው በሬዎቹን እንደገና መንዳት ጀመረ። እኔ መንገዱ ላይ፣ ሚስቴና ልጄ ከውሻው ወዲያ፣ እንዲያው ቆምን።

በመጨረሻ ባለቤቴ ሳሕኑን በውሻው ላይ አሳልፋ አቀበለችኝ። «በል፣ አንተም አብላው። ቁጢጥ በል። እጅህን ዝቅ አድርግ፣ አትቸኩል።»

ቁጢጥ አልሁ። አንድ የአምባዛ ራስ አንሥቼ ዘረጋሁለት። ውሻው ለሃጩ ተዝረብርቧል፤ ግን አልበላም። እጄን አሸተተና ዞር ብሎ የባለቤቴን ፊት አየ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜም ቀናሁ። ከዚያ እኔም ቀና ብዬ አየኋት፤ እሺ እስክትል ድረስ ሁለታችንም ጠበቅን።